ከአንድ ጣቃ የወጡ ሁለት ጉርዶች

ሊድስ፣ እንግሊዝ
ጥቅምት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለወ/ሮ አረጋሽ፣ ጂንካ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? አጎቴ ተፈሪስ? የስፌት መኪናዎስ አሁንም እንደ ድሮው ያጉረመርማል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብዬ ልቀጥል ነበር። የደብዳቤ ወጉ ይህ ስለሆነ እጄ በራሱ ጻፈው። ግን ይህን የምጽፍልዎ ደህና መሆኔን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው።

ባለፈው በስልክ "ለዓይን ምርመራ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ" ያልኩት ውሸት ነው። ምን ላድርግ? አጎቴ ስልኩን ሲያነሣ ገና "ሃሎ" ሳይል ድምፁን ለሰው ሁሉ ይከፍተዋል። ከዚያ ጎረቤቱ በሙሉ በየተራ ሰላም ይለኛል። ጎረቤታችን ቦሼ እንኳ ከገበያ ስትመለስ በር ላይ ቆማ "ቤቴል፣ ባል አገኘሽ?" ብላ ስትጮህ ሰምቻታለሁ። በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት ማህፀን የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ዓይን አልኩ። ለዚህ ነው ይህን ለሠርግ ወደ አገር ቤት በምትመጣው በጓደኛዬ በምስጋና እጅ የላክሁት። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

እዚህ አገር ሴት በየጥቂት ዓመቱ የማህፀን በር ምርመራ እንድታደርግ ትጠራለች። ሳትታመም ነው የሚጠሯት። እኔም ጥሪው ሲመጣ ችላ እያልኩ ከርሜ በመጨረሻ ሄድኩ። በትንሽ ብሩሽ ነገር ነካ አድርገው ወሰዱ። ከዚያ "ለውጥ ታይቷልና በማጉያ መነጽር ቀረብ ብለን እንየው" ብለው ላኩልኝ። ኮልፖስኮፒ ይሉታል። ቀጠሮዬ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ብዙ ሴት የሚያደርገው ነገር ነው አለችኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። አክስቴ፣ ገና ልጅ አልወለድኩም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ፤ አይሳቁብኝ። ከሕመሙ ይልቅ የፈራሁት መራቆቱን ነው። በመጀመሪያው ምርመራ ከወገቤ በታች አውልቄ እንድተኛ ተነግሮኝ መሸፈኛ ተብሎ የተሰጠኝ ወረቀት ነበር። ገና ሳልመቻች ተቀደደ።

ይጸልዩልኝ። ግን በቤተ ክርስቲያን ማይክሮፎን አይሁን።

ያሳደጓት ልጅዎ ቤቴል


ጂንካ
ኅዳር 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለቤቴል፣ ያለሽበት ድረስ።

ከእናትሽ ሞት ጀምሮ አንቺን በእጄ ላይ ያኖረ አምላክ በሰው አገርም አይለይሽ። ተፈሪ ደህና ነው፤ ላሚቱም ወልዳለች። ዝናቡ ዘንድሮ አልቆም ብሎ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል።

ደብዳቤሽን የሱቁን በር ዘግቼ ነው ያነበብኩት። ቅዳሜ ነበር። በገበያ ቀን አረጋሽ በሯን ዘጋች ማለት ሞታለች ማለት ነው ብላ ቦሼ በሩን ልትሰብረው ደርሳ ነበር። ራስ ምታት ነው ብዬ መለስኳት። ያንቺ ውሸት ወደ እኔም ተጋባ ማለት ነው።

ለመሆኑ የዓይንሽ ወሬ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ? ተፈሪ እሑድ ዕለት በማይክሮፎን አስታወቀ። የሴቶች ጸሎት ቡድን ጾመ። ቦሼ ደግሞ ዓይንሽ ላይ ጠብ የሚደረግ ብላ ከገዘር ከተማ ነጭ ማር አምጥታ "ላኪላት" አለችኝ። ማሩን በላሁት። ጸሎቱ ግን አይባክንም፤ ጌታ የትኛውን ክፍልሽን መንካት እንዳለበት ማንም አይነግረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወረቀት? የሰው ልጅ በወረቀት ይሸፈናል? ከሥጋ ቤት የተገዛሽ መሰልሻቸው? ይህን ሳነብ ከሕመምሽ በላይ አናደደኝ። ለመዘምራን ልብስ ከመጣው ጣቃ ሐምራዊ ጨርቅ ተርፎ ነበር። መሪዋን ለምኜ ወሰድኩትና ጉርድ ሰፋሁልሽ። ወገቡ በገመድ ይታሰራል። ሁለቱ ጎኖቹ እስከ ላይ ክፍት ናቸው፤ ግን ጨርቁ ተደራርቦ ስለሚወርድ ቆመሽ ሳለ ማንም ክፍት መሆኑን አያውቅም። ስትተኚ የፊተኛው በጉልበትሽ ላይ ድንኳን ይሆንልሻል፤ ሐኪሟ ሥራዋን ትሠራለች፤ አንቺም እንደ ሰው ትተኛለሽ። ጨርቁ ለሁለት ስለበቃ ሁለት ሰፋሁ። አንዱን ከኮረሪማ ጋር በምስጋና ልኬልሻለሁ። ሌላው እኔ ዘንድ ተቀምጧል።

አትፍሪ። አውሮፕላኑ በከተማችን መሀል ሳሩ ላይ ሲወርድ ሌላው ልጅ ሁሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ አንቺ ወደ እሱ ትሮጪ ነበር። ዘበኛው እየያዘሽ የሚያመጣልኝ እኔ ሱቅ ነበር። ያቺ ልጅ አሁንም እዚያው ውስጥሽ አለች።

ወፍራም ጨርቅ የሚበሳ የስፌት መኪና መርፌ ካገኘሽ ላኪልኝ።

አክስትሽ አረጋሽ


ሊድስ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወ/ሮ አረጋሽ።

የጌታ ሰላም ከነቤትዎ ይብዛልዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ አሁን የጻፍኩት አስቤበት ነው።

ምስጋና ጉርዱን ያደረሰችልኝ ቀጠሮዬ ሊደርስ ሲል ነበር። ከፌስታሉ ሳወጣው የሱቅዎ ሽታ፣ የመኪናው ዘይትና ኮረሪማው ተቀላቅሎ፣ ክፍሌን ሞላው። ታጥቄው በመስታወት ፊት ዞር ዞር አልኩ። ከመዘምራን መሀል ብቻዬን ልዘምር የምወጣ መሰልኩ።

ሆስፒታል ስደርስ ሞሪን የምትባል ጠና ያለች ነርስ ተቀበለችኝ። ስሜን አስተካክላ እስክትጠራው ድረስ አልተወችኝም። መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ጉርዱን ታጥቄ ስወጣ ቆማ አየችኝና "ማን ሰፋልሽ?" አለች። አክስቴ አልኳት። ዞር በይ አለችኝ፤ ገመዱን ነካካች፤ ሐኪሟን "ነይ እይ" ብላ ጠራቻት። ሐኪሟ ጓንት እያጠለቀች መጥታ አገላብጣ አየችውና "ሴትዮዋ እኛ ጋ ሥራ አትፈልግም?" ስትል ሁላችንም ሳቅን። ያን ያህል ፈርቼ እየሳቅሁ እተኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወንበሩ የጥርስ ሐኪም ወንበር ይመስላል፤ የእግር ማሳረፊያ አለው። ከፊቱ በቋሚ ብረት ላይ የተተከለ ትልቅ መነጽር አለ። ሰውነቴ ውስጥ የሚገባ መስሎኝ ነበር ስፈራ የከረምኩት። አይገባም። ውጭ ቆሞ ነው የሚያየው። የሚገባው በመጀመሪያው ምርመራም የገባው መክፈቻ ብቻ ነው። ደስ አይልም፤ ይጫናል፤ ግን የሚያስጮህ አይደለም። ጉርዱ እንዳሉት ጉልበቴ ላይ ድንኳን ሆነ።

ከዚያ ሐኪሟ "አሁን የምቀባሽ ትንሽ ሊያቃጥልሽ ይችላል" አለችና በጥጥ ቀባችኝ። ወዲያው አንድ የማውቀው ሽታ መጣ። አቼቶ! አክስቴ፣ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ፣ ያን ሁሉ መሣሪያ ፈርቼ፣ የቀቡኝ ሰላጣ ላይ የምንጨምረውን አቼቶ ነው። ጤነኛው ቦታ እንዳለ ይቆያል፤ የተለወጠው ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል አለችኝ። ከፈለግሽ በስክሪኑ ላይ እይው አሉኝ። መጀመሪያ ፊቴን አዞርኩ። ኋላ አውሮፕላኑ ትዝ አለኝና አየሁ። ሮዝ ነው፣ ክብ ነው፣ በአንድ ወገኑ ላይ ወተት የተንጠባጠበበት ይመስላል። ሲያስፈራኝ የከረመችው ያቺው ጠብታ ነች።

ከነጩ ላይ ቅንጣት ሥጋ ሊወስዱ ሲሉ ሞሪን እጄን ይዛ እንዳስል ነገረችኝ። አሳልኩ። በሳሉ መሀል ቆንጠጥ አደረገኝና አለቀ። ሻይም አመጡልኝ። እነዚህ ሴቶች በጣም ገረሙኝ። ስንቷ ፈርታ እፊታቸው ታለቅስ ይሆናል፤ እኔን ግን ከኔ በፊት ማንም መጥቶ እንደማያውቅ አድርገው ነው የያዙኝ። ከወጣሁ በኋላ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ከፍርሃት ሳይሆን ሰው ስላገኘሁ ነው።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። መርፌዎቹን በፖስታ ልኬያለሁ። ሁለተኛው ጉርድ ግን ለማን ነው? አልነገሩኝም።

ልጅዎ ቤቴል


ጂንካ
መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤቴል።

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። መልስ ሳልጽፍ በመቆየቴ አትቀየሚኝ። ለፋሲካ የሚደርስ የመዘምራን ልብስ ይዞኝ ነበር። ተፈሪ ደህና ነው። ጥጃዋም ደህና ናት፤ አድጋለች። ቦሼም ደህና ናት፤ ካኮ ገበያ ሄዳ ከአንዱ ፍየል ነጋዴ ጋር ተጣልታ ስለ እሱ ብቻ ነው የምታወራው። መርፌዎቹ ደርሰዋል፤ እጅሽ ይባረክ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በስክሪኑ ላይ ማየትሽን ሳነብ እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎበዝ ነሽ። ከኔ የተማርሽው አይደለም፤ እኔ መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ እንኳ ደሙን አላይም።

አሁን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አንዲት ደንበኛዬ አለች። ዕድሜዋ ከኔ ጋር የሚስተካከል ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ሆኖታል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ደም ይታያታል። አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ይመለሳል። ሽታም አለው። ወገቧንም ያማታል፤ ቁጭ ብሎ መሥራት ያመጣው ነው ትላለች። እዚህም ሆስፒታላችን በአቼቶ ያያሉ ይባላል። እሷ ግን ይህን ለማን ታሳያለች? ባሏ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ያቺ ሞሪን የምትባለው ነርስ ለእንዲህ ያለች ሴት ምን ትላለች? ያምማል ወይ? በዚህ ዕድሜስ ያዩዋታል ወይ? ቦሼ እንዳትመስልሽ፤ ሌላ ሴት ናት።

ውጤትሽ ሲመጣ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

አክስትሽ አረጋሽ


ሊድስ
ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ። የእኔን አስቀድሜ ልንገርዎ። ካንሰር አይደለም። ቢተው ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ነበርና በመርፌ አደንዝዘው በቀጭን የጋለ ሽቦ ቆርጠው አወጡት። ያንጊዜም የታጠቅሁት ጉርዱን ነው። መውለድ እንደምችል ነግረውኛል። እኔ ደህና ነኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። በደብዳቤዎ አጎቴ ደህና ነው። ጥጃዋ ደህና ናት። ቦሼ ደህና ናት። "እኔ ደህና ነኝ" የሚለው ግን የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት። ልጅ ሆኜ ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ ያንን ቃል ሳልጽፍ ቀርቼ በማስመሪያ የመቱኝ እርስዎ ነዎት። ረስተውት አይደለም። እውነት ስላልሆነ መጻፍ አልሆንልዎ ብሎ ነው። ያቺ ደንበኛዎ የስፌት መኪና ላይ ቁጭ ብላ የምትውል፣ ባሏ ሽማግሌ የሆነ፣ ደም ማየት የማትወድ ሴት ናት። ሁለተኛው ጉርድም የእሷ ነው።

ሞሪንን ጠየቅኋት። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም ጥቂትም ቢሆን መታየት አለበት፤ ለፋሲካ ልብስ አይዘገይም አለችኝ። የመጨረሻውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

አክስቴ፣ እለምንዎታለሁ፣ ይሂዱ። እኔ ሌላ እናት የለኝም። ደብዳቤዬ ደርሶዎት ካልሄዱ እደውላለሁ። አጎቴ ድምፁን ይከፍተዋል። ቦሼ በሩ ላይ ትቆማለች። ማህፀን የሚለውን ቃል ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ እናገረዋለሁ።

ልጅዎ ቤቴል


ጂንካ
ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤቴል።

የያዕቆብ አምላክ ይጠብቅሽ። አስፈራርተሽኝ ሄድኩልሽ።

ብቻዬን ፈርቼ ቦሼን አስከትዬ ነበር የሄድኩት። አንቺም ትመረመሪያለሽ ብዬ አሳምኛት ጉርዱን በነጠላዬ ሥር ይዤ ደረስን። በሩ ላይ ነርሷ ከወገብ በታች ማውለቅ እንዳለብን ስታስረዳን ቦሼ "እኔ አይገባም! ይሄን ሁሉ ልጅ ስወልድ ባሌ እንኳ ውጭ ነው የቆመው!" ብላ ጃንጥላዋን ጥላ ወደ ገበያው ሮጠች። ያን ዕለት ዝናብ ነበር፤ እንደዚያው እየበሰበሰች ሄደች።

ነርሷ ኤልሳ ትባላለች፤ ሚዜዎቿን ሁሉ ያለበስኩላት ልጅ ናት። ከዚህ የባሰ ምን ገመና አለ ብዬ መሬት ልገባ ነበር። እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ "እትዬ አረጋሽ፣ ይረፉ፤ የምቀባዎት አቼቶ ነው" አለችኝ። "አውቀዋለሁ፤ ልጄንም የቀቧት ይኸው ነው" አልኳት። ጉርዱን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ብዙ ሴት ከበር የምትመለሰው አውልቂ ስትባል ነው አለችኝ።

በባትሪ አበራችና ረጅም ጊዜ አየች። መነጽር ያለው ብረት የለም፤ ዓይኗና አቼቶዋ ብቻ ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። "እትዬ፣ ይህ እዚህ የሚያልቅ አይደለም። አርባ ምንጭ ይሂዱ። ዛሬ ነገ አይበሉ" አለችኝ። ሳታስፈራኝም ሳትዋሸኝም ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ሰው ጂንካ ውስጥ እንዳለን አላውቅም ነበር።

ማታ ለተፈሪ ነገርኩት። ማይክሮፎን የማይጠግበው ሰውዬ ጫማውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። ከዚያ "መኪናው መቼ ነው የሚወጣው?" አለኝ። ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ ወይጦ ላይ መኪናው ሲቆም ሙቀቱ እንዳይመታኝ ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ጥላ ሆኖልኝ ቆመ። ሰው ሁሉ ያየን ነበር።

አርባ ምንጭ ከሥጋው ወስደው አስመረመሩት። ነቀርሳ ነው። ግን ከተነሣበት ቦታ አልራቀም አሉ፤ ማህፀኔን ሊያወጡት ነው። ቀዶ ጥገናው በዚህ ወር ማለቂያ ነው። ቤቴል፣ ልጅ ያልያዘ ማህፀን ነው፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። ግን ሊወስዱት ነው ሲሉኝ አለቀስኩ። ስትጸልዪ አስቢኝ። ይህን ጊዜ በማይክሮፎንም ቢሆን ግድ የለኝም።

አክስትሽ አረጋሽ


ሊድስ
ነሐሴ 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ።

ያወጣዎት ጌታ ስሙ ይመስገን። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ ተባልኩ። ግን ልቤ አላረፈም። በደወልኩ ቁጥር አጎቴ ስልኩን ድምፁን ሳይከፍት ያነሣዋል፤ የጎረቤት ድምፅ የለም፤ ቦሼም አትጮህም። ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚደበቅ አውቃለሁ። ባለፈው እርስዎን ሲያገናኘኝ በቀጭን ድምፅ "ደህና ነኝ" አሉኝ። በስልክ ያሉትን አላምንም። እኔም በስልክ ዓይኔን ነው ብዬ ነበር። "ደህና ነኝ" ብለው በወረቀት ላይ ዋሽተው ስለማያውቁ በወረቀት ይጻፉልኝ።

ጉርዴን አጥቤ፣ ተኩሼ ወደ አገር ቤት በሚመጣው በሚልክያስ እጅ ልኬዋለሁ። የእኔ ተራ አልቋል። ኤልሳ ዘንድ ከበሩ ላይ ለምትመለሰው ሴት ይስጡልኝ። ሞሪንም እንዲያስተምሯት ስለፈለገች አቆራረጡን ሥለው ይላኩልኝ።

ልጅዎ ቤቴል


ጂንካ
ጥቅምት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለቤቴል።

ሚልክያስ ጉርዱን ሲያደርስልኝ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስትተኩሺው ጠርዙን አበላሽተሽዋል፤ አስተካከልኩት። ሥዕሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌያለሁ። ለሞሪን ገመዱ በወፍራም ክር ካልተሰፋ እንደሚበጠስ ንገሪያት።

አጎትሽን ክፉ ወሬ ደበቀ ብለሽ ጠረጠርሽው። ሰውዬው ከአርባ ምንጭ ከተመለስን ወዲህ ስልኩ ሲጮህ ይዞት ወደ ጓሮ ይሮጣል። "የሴት ነገር ሊሆን ይችላል" ይላል። ቦሼ ወሬ ቀረብኝ ብላ አኩርፋዋለች።

ማይክሮፎኑን ግን አልተወም። መስከረም ውስጥ አንድ እሑድ ምስክርነት አለኝ ብሎ ወጣና ማህፀን የሚለውን ቃል በጉባኤው ሁሉ ፊት ተናገረው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ሚስቴን ያተረፋት ቶሎ መታየቷ ነው፤ እናንተም ሚስቶቻችሁን አትከልክሉ" ብሎ ተቀመጠ። አንዲት ሴት "አሜን" አለች፤ ሌላዋ ተከተለች። ያን ቀን በተፈሪ የኮራሁትን ያህል በሠርጌም ቀን አልኮራሁም።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ የሚመጣው ሴት ስለ ቀሚስ አይደለም የሚያወራው። ከመዘምራኑ የተረፈውን ጨርቅ ሁሉ ለጉርድ ጨረስኩት። ኤልሳ ከበሩ ጎን ሚስማር መትታ ሰቅላቸዋለች፤ ሴቷ ስትገባ የምታየው እነሱን ነው።

ያንቺን ግን ሚስማር ላይ አልሰቀልኩትም። ጃንጥላዋን ላደርስላት ቦሼ ቤት ሄድኩና ከጃንጥላው ጋር ሰጠኋት። "ቤቴል የለበሰችው ነው፤ እንግሊዝ አገር ሐኪም ቤት ሁለቴ ገብቶ ወጥቷል" አልኳት። አገላበጠችው፤ አሸተተችው። ባለፈው ማክሰኞ ታጥቃው ከቤቷ ወጣች። በሩ ላይ ስንደርስ እንዳትሮጥ ክንዷን ይዣት ነበር፤ አልሮጠችም። ኤልሳ አይታት ነጻ ነሽ አለቻት። ጨርሳ ስትወጣ ጉርዱን አላወልቅም አለች። በዚያው በሐምራዊው ጉርድ ገበያውን መሀል ለመሀል አቋርጣ፣ ጎኖቹ ክፍት መሆናቸውን ረስታ፣ ላገኘችው ሁሉ "አየችኝ፤ ምንም የለብኝም!" እያለች ሄደች። እኔ ከኋላዋ ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ እየተከተልኳት በሳቅ ስፌቴ ሊተረተር ነበር።

ሐኪሞቹ የቀረ ነገር አላየንም ብለውኛል፤ በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ። ይህን ሁሉ ስቀባጥር የደብዳቤውን ወግ ረሳሁት። በማስመሪያ የምትመቺኝ አሁን አንቺ ነሽ፤ ከላይ መጻፍ የነበረብኝን እዚህ ልጻፍልሽ።

እኔ ደህና ነኝ።

እናትሽ አረጋሽ